አባባ የት ሄደ?

ስልኬ የጮኸው ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ነበር፤ ኅዳር 2011 ዓ.ም.። ቁጥሩን አላወቅኩትም። ድምፁን ግን ወዲያው ለየሁት፤ ከ22 ወር በፊት ሠርጓን ያነሳሁላት ልጅ ናት። ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ድምጿ ተዘግቷል።

«ወንድሜ፣ አባባ ማታ አረፈ። ያቺን ጉልበቱን ስስም ያነሳኸኝን ታስታውሳታለህ? የሱን ፊት ብቻ አውጣና አሳድገህ እጠብልኝ። ቀብሩ 9 ሰዓት ነው። ሌላ ደህና ፎቶ የለውም።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ። አታስቢ፣ አደርሳለሁ» አልኳት።

ስልኩን እስክዘጋ ድረስ እውነቴን ነበር። ያቺን ፎቶ እንዴት እረሳታለሁ? በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ከእሷ በላይ የወደድኩት ፎቶ አልነበረኝም። ሥራ ሊያሠራኝ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የማሳየው እሷን ነበር። ሸሚዜን እየቆለፍኩ ሳለ በዐይነ ሕሊናዬ መጣችልኝ፦ የሙሽራዋ የተጎነበሰ ራስ፣ በላዩ ላይ ያረፈ የሽማግሌ እጅ፣ የነጭ ጋቢ ጫፍ። ከእጁ በላይስ? ከእጁ በላይ ምንም የለም። ከእጁ በላይ ያለውን እኔ ቆርጬዋለሁ።

ቁልፉን ሳልጨርስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሠርጉ ጥር 2009 ነበር፤ እሑድ ቀን፣ ጉለሌ። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ድንኳኑ ከአጥር እስከ አጥር ተወጥሮ ማድ ቤቱና የእንግዳው መቀመጫ አንድ ላይ ሆነዋል። አባትየው ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሞተር ሲፈቱ የኖሩበት ግራሶ በጣቶቻቸው መስመር ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ለሠርጉ ብለው በሳሙና ቢፈገፍጉትም አልለቀቀም። ካሜራ አይወዱም። ጠዋት ገና ስገባ «እኔን ተወኝ፣ ልጆቹን አንሳ» ብለውኛል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲነሳ ከኋላ ይቆሙና ፊታቸውን ወደ ጎን ያዞራሉ፤ አለዚያም «እስቲ መጠጡን ልይ» ብለው ይጠፋሉ።

ሙሽራው መጥቶ ልጂቱ ልትወጣ ስትል እንደ ወጉ የወላጆቿን ጉልበት ልትስም ዝቅ አለች። እናትየውን ሳመች። ወደ አባቷ ስትዞር ሰውዬው ሌላ ሰው ሆኑ። ቀኝ እጃቸውን ራሷ ላይ አሳርፈው ሊመርቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል አልወጣ አላቸው። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዐይናቸው ግጥም ብሎ ሞልቷል፣ ግን አይፈስም። እኔም ካሜራዬም መኖራችንን ረስተዋል። አንድ ጊዜ ተጫንኩ። ሁለተኛ ልጫን ስል የቪዲዮው ልጅ ትከሻ መሀል ገባ። ትከሻው ገለል ሲል ሰውዬው መሀረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ሸፍነዋል። በቃ፣ አንዲት ናት።

ካሜራዬ 24 ሜጋፒክስል ነው። የአንዱ ፎቶ ወርድ 6000፣ ቁመቱ 4000 ነጥብ ይሆናል። ከዚያች ፎቶ የሰውዬው ፊትና ደረት ብቻ ቢወጣ ወርዱ 2000፣ ቁመቱ 2700 ገደማ ይሆን ነበር። ፎቶ ሲታጠብ በአንድ ኢንች ላይ፣ ማለት በሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ላይ፣ 300 ነጥብ ካረፈ ቀርቦ ለሚያየው ዐይን ይበቃል። ከፍ ብሎ ለሚያዝ፣ ከሁለት ከሦስት እርምጃ ለሚታይ ትልቅ ፎቶ ግን 150ም አያሳፍርም። የእሳቸው ፊት በ30 በ40 ሳንቲ ሜትር ቢታጠብ በየኢንቹ 170 ገደማ ነጥብ ይደርሰው ነበር። የግንባራቸው መስመር፣ ዐይናቸው ላይ የቆመው እንባ፣ የሪዛቸው ሽበት አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ይህን ስሌት ስንት ጊዜ እንደሠራሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የምቆጥረው እሱን ነው።

የሠርጉ ለት ማታ ቤቴ ገብቼ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ካርዱን ላፕቶፑ ላይ ገለበጥኩ። ከ800 በላይ ፎቶ አለ። ከዚያ ሁሉ መሀል ፈልጌ መጀመሪያ የከፈትኩት እሷን ነው፤ ስለወደድኳት። ባልወድዳት ኖሮ እስከ ማክሰኞ ድረስ አልነካትም ነበር።

ከሰውዬው ራስ ጎን፣ ከማድ ቤቱ በር አጠገብ፣ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ቆመዋል። የዘይት የነበሩ፣ ለድግሱ ውሃ የተቀዳባቸው። ከነሱ በላይ ከድንኳኑ ጣሪያ የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ገመድ አለ። ዐይኔ እዚያ ላይ ተተክሎ ቀረ። እንዲህ ባለች ፎቶ ውስጥ ጀሪካን! ሰውዬውን ትቼ ጀሪካኑን አየሁ። በክሎን ስታምፕ የግድግዳውን ቀለም እየወሰዱ ጀሪካኑን ሸፍኖ ማጥፋት 10 ደቂቃ፣ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው። ከዚያ የባሰ ስንት ነገር አጥፍቻለሁ፤ ቆሻሻ ገንዳ አጥፍቻለሁ፣ የቆመ መኪና አጥፍቻለሁ። መቁረጥ ግን 3 ሰከንድ ነው። ደክሞኝ ነበር። ሦስቱን ሰከንድ መረጥኩ።

በዚያን ጊዜ ፎቶ የምናስበው በስልክ ስክሪን ልክ ነበር። ኢንስታግራም ሌላ ቅርጽ መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ቢሆንም፣ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነው ቅርጽ ከዐይኔ አልወጣም። ክሮፑን አንድ ለአንድ አድርጌ ሙሽራዋ ላይ አሳረፍኩት። የተጎነበሰ ራሷ፣ የጠጉሯ ጌጥ፣ እጃቸው፣ የጋቢያቸው ጫፍ። የላይኛው ጠርዝ የሪዛቸው ጫፍ ላይ መጣ። ጀሪካኑ ወጣ፣ ገመዱ ወጣ። ፊት የሌለው እጅ ሲመርቅ አንድ ምስጢር ያለው መሰለኝ፤ ጥበብ የሠራሁ መሰለኝ። መጠኑን ለስልክ ብዬ 1080 በ1080 አደረግኩት። ከዚያ ጣቶቼ በቀን መቶ ጊዜ የሚያደርጉትን አደረጉ፤ ኮንትሮልና ኤስ። ሴቭ።

«ሴቭ አዝ» ብዬ ቢሆን ሌላ ስም ይጠይቀኝ ነበር። ዋናው ሳይነካ ትንሿ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። ሴቭ ብቻ ስል ግን 24 ሚሊዮኑ ነጥብ ተጠርጎ ወጣና በዚያው ስም፣ በዚያው ቦታ፣ አንድ ሚሊዮን ከምናምን ነጥብ ገባ። ያኔ ካርድ እንዳይሞላብኝ ብዬ የማነሳው በጄፔግ ብቻ ነበር። ሮው፣ ማለት ጥሬው የካሜራ ፋይል፣ ቢሆን ፎቶሾፕ በላዩ ላይ ሴቭ ማድረግ አይችልም፤ ብሳሳትም ዋናው በግድ ይተርፍልኝ ነበር። ፎቶሾፕ ክሮፕ ሲደረግ ደግሞ «የተቆረጠውን ነጥብ ሰርዝ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለችው። ምልክቱ ከላይዋ ቢነሳና ፋይሉ በፎቶሾፕ በራሱ ዓይነት፣ በፒኤስዲ፣ ቢቀመጥ፣ የተቆረጠው ከጠርዙ ጀርባ ተደብቆ ይቆያል እንጂ አይጠፋም። ያቺን ሳጥን አውቃታለሁ። በየቀኑ አያታለሁ። አንድ ቀን ነክቻት አላውቅም ነበር።

1080 ነጥብ በኢንች 300 ሲታጠብ 9 ሳንቲ ሜትር ነው። የእጅ መዳፍ ታክላለች። እሷም ብትሆን ፊት የለባትም።

ጠዋት በሥራ ገጼ ላይ ለጠፍኳት። ሰው ወደዳት፣ ሁለት ሠርግም አስያዘችልኝ። ማክሰኞ የቀሩትን ለአልበሙ አዘጋጀሁ፤ 10 በ15 ነው የተዋዋልነው። በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ወርዳቸውን 1800 ነጥብ አድርጌ በዚያው ፎልደር ውስጥ፣ በላያቸው ላይ፣ ሴቭ አደረግኳቸው። ላፕቶፔ ሞልቶ ያስቸግረኝ ነበርና ቦታ ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። ለ10 በ15 ደግሞ 1800 በ1200 ልክ ነው፤ ሒሳቡ ላይ ስሕተት የለም። ስሕተቱ እነዚያ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ከ10 በ15 በላይ አይፈልጉም ብዬ እኔ መፍረዴ ነው። ማን ሾመኝ?

ረቡዕ ሙሽራዋ ከባሏ ጋር ፎቶ ልትመርጥ መጣች። ጎን ለጎን ተቀምጠው እየሳቁ ያያሉ። እዚያች ላይ ስትደርስ ሳቋ ቆመ። ፈገግ ብላ ቆየች። ከዚያ ጣቷን ወደ ስክሪኑ ሰደደችና ከፎቶው ጠርዝ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ነካችው።

«አባባ የት ሄደ?»

«ትኩረቱ አንቺ ላይ እንዲሆን ብዬ ነው። ጀርባውም አያምርም ነበር።»

«ዋናው ግን አለ አይደል?»

«አለ» አልኳት።

ያን ለት እውነት ነበር። ካርዱ በካሜራ ቦርሳዬ የጎን ኪስ ውስጥ ነበር፤ ቦርሳው ጠረጴዛው ሥር፣ ከእግሯ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ። ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች። ቀይ ነው፣ ክዳኑ የጠፋ። «ያልተነካካውንም ሁሉ በዚህ ገልብጥልኝ፣ ይቀመጥልኝ። አባባ እንደሆነ ፎቶ አይነሳም» አለችኝ።

እምቢ አልኳት። ያልተሠራ ፎቶ ለደንበኛ አይሰጥም አልኳት። ሰው ያላለቀ ሥራዬን አይቶ እንዳይንቀኝ ፈርቼ ነበር፤ እንዲያ ብዬ ግን አልነገርኳትም። «ዋናው ምን ያደርግልሻል? ከባድ ነው፣ ስልክሽም አይችለውም። የሚያስፈልግሽን እኔ አስተካክዬ እሰጥሻለሁ» አልኳት። 16 ጊጋ ካርድ ወደ ፍላሽ ለመገልበጥ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ቡና አዝዤላቸው ነበር፤ ቡናው ተጠጥቶ ሳያልቅ ያልቅ ነበር። አልተከራከረችኝም። ባለሙያ ነው ብላ አመነችኝና ፍላሹን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

ቅዳሜ ማታ ለነገው ሠርግ ካርድ ሳዘጋጅ ያንን ካርድ ፎርማት አደረግኩት። «ላፕቶፑ ላይ ገልብጬዋለሁ» ብዬ። የገለበጥኩትን በራሴ እጅ እንደበላሁት ከቶ ትዝ አላለኝም።

ባላውቅ ኖሮ እኮ አላዋቂ ነበርኩ ብዬ እጽናና ነበር። የሚያንገበግበኝ ማወቄ ነው። ሥራውን የለመድኩት ፒያሳ ከነበረ አንድ ፎቶ ቤት ነው፣ ፊልም ከገበያ ከመጥፋቱ በፊት። ባለቤቱን ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ቀይ መብራት ሥር፣ እጃቸውን መድኃኒት እየበላው ያረጁ ሰው ናቸው። አንዱ ግድግዳቸው ከወለል እስከ ኮርኒስ መሳቢያ ነው። በየመሳቢያው ፖስታ፣ በየፖስታው ኔጋቲቭ፣ በፖስታው ጀርባ ቁጥርና ቀን። ያንኑ ቁጥር በሚታጠበው ፎቶ ጀርባ በእርሳስ ይጽፉታል። ከ10 ዓመት በኋላ ሰው ያረጀ ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጀርባውን ያነባሉ፣ ወንበር ላይ ይወጣሉ፣ ፖስታውን ያወርዳሉ። አብዛኛው ሰው ጥቁር ለብሶ ነበር የሚመጣው። «አሳድጉልኝ» ይላል። ጋሼ ዋጋ ሳይናገሩ መጀመሪያ «ነፍስ ይማር» ይላሉ። ማታውን ከማጠቢያው ሳሕን ውስጥ የሰው ፊት ቀስ እያለ ሲወጣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ነጭ ወረቀት ነበር፤ መጀመሪያ ቅንድቡ ይመጣል፣ ከዚያ የዐይኑ ጥቁር፣ ከዚያ ሰውየው።

አንድ ቀን ለማስገባት አልመቸኝ ብሎ የኔጋቲቭ ጠርዝ በመቀስ ልከረክም ስል እጄን ቀብ አድርገው ያዙኝ። «ወረቀቱን እንደፈለግክ ቁረጠው፤ ወረቀት ደግሞ ይታጠባል። ኔጋቲቭ አይነካም። እሱ ያንተም የእኔም አይደለም፣ የሰዎቹ ነው» አሉኝ። ያኔ 17 ዓመቴ ነበር። ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም አልልም።

በዚህ ከተማ የፎቶ ሥራ የቆመው በዚያ ልማድ ነው። ቦያጂያኖች፣ አርመኖቹ አባትና ልጆች፣ ከምኒልክ ጀምሮ እስከ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥቱን ያነሱት፣ ዛሬ ፊታቸውን የምናውቃቸውን ስንት ሰዎች አቆይተውልናል። ቪንቴጅ አዲስ አበባ በሚባለው ሥራ ከየቤቱ አልበም የተሰበሰቡትን ፎቶዎች ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ማንም ያልሰማቸው ሰዎች፣ የመንደር ፎቶ ቤት ያነሳቸው፣ ከ50 ዓመት በኋላ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እኔ 24 ሜጋፒክስል ይዤ አንድ ሰው 22 ወር ማቆየት አቃተኝ።

ዋናው ፋይል ኔጋቲቭ ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ጄፔግ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ በተከፈተና ሴቭ በተደረገ ቁጥር ምስሉን በስምንት በስምንት ነጥብ ከፋፍሎ እንደገና እንደሚጨምቀው፣ በየጊዜው ጥቂት እየጣለ እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ፎቶ ለደንበኛ ሲቆረጥ በሚታጠብበት ልክ መቆረጥ እንዳለበትም አውቅ ነበር። የካሜራው ቅርጽ ሦስት ለሁለት ነው፤ 10 በ15 ልክ ይገባበታል። ደንበኛው 20 በ25 ካለ ግን ከ6000ው ወርድ 1000 ነጥብ ይቆረጣል፤ አንተ ካልቆረጥክ የሚያጥበው ልጅ በግምት ይቆርጠዋል፣ ጠርዝ ላይ የቆመች አክስት ግማሽ ፊቷን ይዛ ትወጣለች። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መጠን ለየብቻ ቅጂ ይወጣል፣ ስሙ ላይ መጠኑ ይጻፋል፣ ጥራቱ እላይኛው ላይ ይደረጋል፣ ቀለሙ ኤስአርጂቢ ይሆናል፣ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም «እንደ ፋይል» ይላካል። ዋናው ደግሞ በሌላ ፎልደር፣ በሌላ ሃርድ ዲስክ፣ ማንም ሳይነካው ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ለጀማሪ ልጆች አስተምር ነበር እኮ። በአፌ። እጄ ሌላ ነገር ሲያደርግ።

እሷ የደወለችልኝ ጠዋት እስከ 4 ሰዓት ድረስ ያልከፈትኩት ፋይል የለም። የቤተሰቡን ፎቶ አገኘሁ፤ ሃያ ሰው ቆሟል፣ ሰውዬው ከኋላ ናቸው፣ ፊታቸውን አዙረዋል። በ1800 ነጥብ ውስጥ ፊታቸው የምስር ፍሬ ያህል ነው። አሳደግኩት። ማሳደጊያ ፕሮግራም የሌለ ነጥብ አያመጣም፤ ከጎረቤቱ አይቶ ይገምታል። የገመተልኝ ፊት ሰም የተቀባ ይመስላል፤ የማንም ሊሆን የሚችል ፊት። ወንድሟ ጋ ደወልኩ፤ እሱም በስልኩ ያነሳውን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ላከልኝ፣ ረጅሙ ጎኑ 1280 ሆኖ። እዚያም ላይ ፊታቸውን አዙረዋል። ከመታወቂያ ፎቶ በቀር በዚህ ዓለም ላይ እኚያ ሰው ፊታቸውን ሳያዞሩ የተነሱት አንዴ ነው፤ እሱም የተነሳው በእኔ እጅ ነው።

በ4 ሰዓት ደወልኩላት። «የለም» አልኳት።

ዝም አለች። ከኋላዋ የሴቶቹ ልቅሶ ይሰማል። አንዲት አልቃሽ ስማቸውን እየጠራች ትገጥማለች።

«አለ ብለኸኝ ነበር እኮ» አለች።

ቁጣ የለበትም። ብትቆጣኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የሆነ ዕቃ አስቀምጣ ያጣች ሰው ድምፅ ነው። «እሺ በቃ፣ ችግር የለም ወንድሜ» ብላ ዘጋችው።

ቀብሩ ላይ ሄድኩ። ባልሄድ ይሻል ነበር ያሰኛል፣ ግን እንዴት እቀራለሁ? ከሕዝቡ ኋላ ቆሜ አየሁት። ወንድማቸው ፊት ፊት ፎቶ ይዘው ይሄዳሉ፣ የጥቁር ጨርቅ ጥብጣብ በማዕቀፉ ጥግ ታስሮበታል። ከቀበሌ መታወቂያቸው ላይ የተነሳ ጉርድ ፎቶ ነው፤ አንዱ የሰፈር ፎቶ ቤት በጥድፊያ ስካን አድርጎ ያሳደገው። ፊቱ ደብዝዟል። የማኅተሙ ወይን ጠጅ ቀለበት ከግራ ትከሻቸው ተነስቶ አገጫቸው ሥር ድረስ ይሄዳል፣ የፊደሎቹ ቅንጣቢ ሳይቀር ይነበባል። ዐይናቸው መታወቂያ ለማውጣት ተሰልፎ የቆየ ሰው ዐይን ነው። ልጂቱ ያንን ፎቶ እያየች ነበር የምታለቅሰው። «አባባ» እያለች ማኅተም ታያለች። በዚያ ቦታ ላይ፣ በዚያ ማዕቀፍ ውስጥ፣ ሊመርቃት ቃል ያጠረው፣ ዐይኑ የሞላ አባቷ መሆን ነበረበት። እሱን ነበር የምታቅፈው። ሠልስቱንም፣ አርባውንም፣ ሙት ዓመቱንም ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሆኖ የሚያያቸው እሱ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው «አያታችን» ብለው የሚያውቁት እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፍለጋውን አልተውኩም። ያንን ካርድ አገኘሁት፤ 22 ወር ሙሉ ስሠራበት የቆየሁት ካርድ። ፎርማት ሲደረግ ፎቶው ወዲያው አይጠፋም፤ ማውጫው ነው የሚጠፋው፣ ምስሉ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። በማግስቱ እንኳ ነቅቼ ቢሆን ኖሮ፣ ያንን እሑድ ሌላ ካርድ ይዤ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ፣ ሁሉም ይወጣ ነበር። ሌላ ካርድ ነበረኝ እኮ። መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ፕሮግራሙን ጭኜ ሌሊቱን ሙሉ እንዲያስስ ተውኩት። የሌሎች ሠርጎች፣ ምርቃቶች፣ ክርስትናዎች እየተግተለተሉ ወጡ። ግማሻቸው ደህና፣ ግማሻቸው ከወገብ በታች ግራጫ። ሊነጋ ሲል ከጥር 2009 የሆኑ ጥቂት ቅንጣቢዎች መጡ። ሲከፈቱ ግራጫ ብቻ ናቸው። አንዷን ግን ፕሮግራሙ ትንሽ ምስል አድርጎ አሳየኝ። ካሜራ እያንዳንዱን ጄፔግ ሲጽፍ በፋይሉ ራስጌ ላይ 160 ነጥብ ወርድ ያላት አንዲት ትንሽ ቅጂ ያስቀምጣል፤ በካሜራው ጀርባ ፎቶዎቹን ደርድረን ስናይ ቶሎ እንድትታይ። ከፋይሉ ሌላው ሁሉ ሌላ ሠርግ ተጽፎበት ራስጌው ብቻ ተርፏል።

ሙሉዋ ፎቶ ናት። ያልተቆረጠችው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስክሪኑን እስክትሞላ ድረስ አሳደግኳት። የሙሽራዋ ቀሚስ ነጭ ክምር ሆኗል። ጋቢው ከእሱ ጋር ተዋሕዷል። ፊታቸው ከግራ ወደ ቀኝ ስቆጥረው 20 ካሬ ነው፤ ቡናማ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ሪዙ ሊሆን የሚችል ግራጫ። ዐይናቸው የቱ እንደሆነ አይለይም።

ከራሳቸው ጎን፣ በማድ ቤቱ በር አጠገብ፣ ሁለቱ ቢጫ ጀሪካኖች ቁልጭ ብለው ይታያሉ።